ከውሃ በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ዮጋ፦ ከድሬዳዋ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የድሬ ልጅ ስለሆንኩ አንቱ እንዳትይኝ። እኔና አራት ጓደኞቼ ከአንድ ዓመት በላይ በሳምንት ሁለት ቀን በአንዷ ግቢ ተሰብስበን ዮጋ እንሠራለን። በቅርቡ ሴቶች ከውሃ በላይ በሁለት ዛፎች መካከል በተወጠረ ጠፍጣፋ ገመድ ላይ ሆነው ዮጋ ሲሠሩ በቪዲዮ አየንና ልባችን ተነሣሣ። አንድ ሆቴል መዋኛውን በጧት ሊፈቅድልን ይችላል፤ ካልሆነ ደቻቱ ወንዝ ላይ ወይም ሐረማያ ሐይቅ ድረስ ሄደን ልንሞክር አስበናል። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ጭነት የሚያስርበትን ቀበቶ ከነማጥበቂያው እሰጣችኋለሁ ብሏል። ሁለታችን ዋና አንችልም፤ አንዷ ደግሞ የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሥራችን ውሃ እስካለ ድረስ ብንወድቅም አንጎዳም ብለናል፤ ልክ ነን?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ የቀረው ሁሉ በእርሷ ላይ የቆመ ነውና። ልክ አይደላችሁም። ውሃው የሚምረው ከገመዱ መሃል የወደቀችውን ብቻ ነው። የገመዱ ሁለት ጫፎች ያሉት በሲሚንቶ፣ በድንጋይ ወይም በዛፍ ሥር ላይ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ አብዝታ የምትወድቀው ገና ስትወጣ፣ ማለትም እዚያው ጫፉ ላይ ነው። ገመዱን የሚሸከሙት ምሰሶዎችም ያሉት ጫፉ ላይ ነው። ስለዚህ ከእናንተ የምጠብቀው ዐይናችሁን ከውሃው ላይ አንሥታችሁ ወደ ጫፎቹ እንድታዞሩ ነው።

ማንነቴን በአጭሩ ልናገር። በሐረር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ጠፍጣፋውን ገመድ የለመድኩት መጀመሪያ ወለምታ ለሚደጋግመው ለራሴ ቁርጭምጭሚት ማጠንከሪያ ብዬ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የደንገጎን ቁልቁለት እየወረድኩ በድሬዳዋም ጥቂት ሴቶችን አለማምጄበታለሁ። ስለ አንቱታው ግን አትስጊ፤ ሐረር የሚኖር ሰው የድሬን ጠባይ አይስተውም።

የልምምዱ ስም ስላክላይን ነው። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይነግርሻል፤ የረገበ ገመድ ማለት ነው። የሰርከስ ገመድ እንደ ክራር ጅማት ተገትሮ ሲቆም ይህኛው ግን ይለጠጣል፣ ይወርዳል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ አዳም ግሮሶውስኪና ጄፍ ኤሊንግተን የተባሉ ሁለት ወጣት ተራራ ወጪዎች የመውጫ ጥብጣባቸውን ወጥረው መራመድ ጀመሩ፤ ልምምዱም በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ሸለቆ በሚሰበሰቡት ተራራ ወጪዎች ዘንድ ተስፋፋ። ሴቶችም በዚህ ስፖርት የኋላ ሰልፈኞች አይደሉም። ፌይዝ ዲኪ የተባለች አሜሪካዊት በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጎን ለጎን በሚሮጡ ሁለት ከባድ መኪኖች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ተራምዳለች። ይህን ለወንድምሽ ብትነግሪው ደስ ሊለው ይችላል፤ ሐሳብ እንዳይሰጠው ግን ሴትዮዋ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘች እንደነበረች ጨምሪበት።

አሁን ወደ ጫፎቹ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆየቴን ታገሺኝ። አብዛኛው ሰው 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ገመዱ ላይ ስትቀመጥ እያንዳንዱ ዛፍ 30 ኪሎ የሚሸከም ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ በልብስ ማስጫ ገመድም በተራመድን ነበር። የተወጠረ ገመድ ወደ ጎን የሚስበው ኃይል ከክብደቱ እጅግ የበለጠ ነው፤ ገመዱ በጠበቀ ቁጥርም ይብሳል። ስሌቱ ይህ ነው፦ የሴትዮዋን ክብደት በገመዱ ርዝመት ታባዣለሽ፤ ከዚያ ሰው ሲቀመጥበት መሃሉ ዝቅ የሚልበትን መጠን በሜትር ወስደሽ በ4 አባዝተሽ የመጀመሪያውን ውጤት ለዚህኛው ታካፍያለሽ። የ15 ሜትር ገመድ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ስትቀመጥበት መሃሉ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል፣ እያንዳንዱ ጫፍ በ375 ኪሎ ያህል ይሳባል። አንዷ «በጣም ይወዛወዛል፣ ትንሽ እናጥብቀው» ብላ ማጥበቂያውን ቀጭ ቀጭ ስታደርገውና ገመዱ 30 ሴንቲ ብቻ የሚወርድ ሲሆን ያው ጫፍ በ750 ኪሎ ይሳባል። ሰባት ኩንታል ተኩል ማለት ነው፤ ያውም ሴትዮዋ ዝም ብላ ከተቀመጠች። እየተነሣች ስታነጥረው ወይም ሚዛኗን ስታ በመቀመጫዋ ስታርፍበት በአንድ አፍታ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ኃይል የሚችለው ምንድን ነው? በሕይወት ያለ፣ ግንዱ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሥሩ የጠለቀ ዛፍ ነው። ከመዋኛ ዳር የሚተከሉት ዛፎች ብዙ ጊዜ ዘምባባና የድሬዳዋ ዛፍ ናቸው። በከተማችሁ ስም የሚጠራው ይህ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ መነሻው ማዳጋስካር ነው፤ በጥላውና በውበቱ አቻ የለውም፣ ለገመድ ግን አይታመንም። ሥሩ ከመሬቱ ፊት ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋ ነው፤ እንጨቱም ተሰባሪ ስለሆነ በነፋስ ቅርንጫፉ ሲገነጠል አይታችሁ ይሆናል። ያረጀ ሁመር ወይም ሾላ ካገኛችሁ እርሱን ምረጡ። በየትኛውም ዛፍ ላይ ግን ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጠው በወፍራም ምንጣፍ ወይም በታጠፈ ጆንያ ጠቅልሉት፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል፤ ሆቴሉም ሁለተኛ አያስገባችሁም።

የብረት ቋሚዎችን በተመለከተ አንድ ያጋጠመኝን ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የእንግዳ ማረፊያ መዋኛ አጠገብ ገመዱን ባንድ በኩል ከዛፍ፣ በሌላው በኩል ከጥላ ተሸካሚ የብረት ቋሚ ጋር አሰርኩት። ቋሚው በእጄ ስነቀንቀው ንቅንቅ የማይል፣ እግሩ በሲሚንቶ የተቀበረ ነበር። አንዲት ልጅ መሃሉ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ዘርግታ ሳለ ገመዱ ቀስ እያለ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ወደ ውሃው ይወርድ ጀመር። እርሷ ገመዱ የተለጠጠ መስሏት ውሃው እግሯን ሲነካት ሳቀች። እኔ ግን የማየው ከቋሚው እግር ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሚሰነጠቀውን ሲሚንቶ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ቋሚው ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ ጎን ተዘንብሎ ቀረ። ጥፋቱ የኔ እንጂ የማንም አልነበረም፤ ጥላ እንዲሸከም የተተከለን ብረት አምስት ኩንታል እንዲጎተት የፈረድኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥላ ቋሚ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የመዋኛ መሰላል እጀታ፣ የአጥር ብረትና የሻወር ቧንቧ ለኔ ማሰሪያ አይደሉም። ለእናንተም እንዳይሆኑ እለምናችኋለሁ።

የወንድምሽን ቀበቶ በተመለከተ ደግሞ ምላሼ አይሆንም የሚል ነው፤ ለቅንነቱ ግን አመስግኚልኝ። ያ ቀበቶ በራሱ ደካማ አይደለም። ዳሩ ላይ የተሰፋውን ምልክት ብታዪ፣ ምልክቱ ሰማያዊ ከሆነ ጨርቁ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ከሆነ ናይሎን፣ ቡናማ ከሆነ ፖሊፕሮፕሊን ነው፤ የሚችለው ጭነትም በላዩ ተጽፎበታል። ችግሩ ሌላ ነው። በመኪና ላይ ያገለገለ ቀበቶ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ባለው ፀሐይ ተቃጥሏል፣ በኮንቴይነር ጠርዝ ተፈግፍጓል፣ ዘይትና የባትሪ አሲድ ነክቶታል፤ ምን ያህል ጥንካሬ እንደቀረው በዐይን አይታወቅም። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን በጫፉ ያለው የብረት መንጠቆ ነው። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ወይም ሲያመልጥ እንደ ወንጭፍ ነው፤ መንጠቆው የወንጭፉ ድንጋይ ይሆናል። ለሰው ተብሎ የተሠራው ዕቃ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ገመድ፣ ከብረት መንጠቆ ይልቅ በራሱ ቀለበት የሚታሰር፣ ማጥበቂያው ቢያመልጥ የሚይዘው ሁለተኛ ገመድ ያለው፣ የዛፍ መጠቅለያውም አብሮ የሚመጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ 15 ሜትር የሚሆነውን አስመጡ፤ ሻንጣ ውስጥ ከአንድ ጥንድ ጫማ ብዙም የበለጠ ቦታ አይዝም። ወንድምሽ መርዳት ከፈለገ አንድ የከባድ መኪና ከመነዳሪ ነፍቶ ይስጣችሁ፤ ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ከታች እነግርሻለሁ።

ስለ ቦታው ሦስት አማራጭ አቅርበሻል። ደቻቱን ከነጭራሹ ሰርዙት። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ሆኖ የሚተኛ ወንዝ ነው፤ ውሃ በሌለበት ጊዜ ከሥራችሁ ያለው ድንጋይ ነው፣ ውሃ ሲመጣ ደግሞ የሚመጣው ሰው በሚወድቅበት ዓይነት አይደለም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የወረደው ጎርፍ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት እንደቀጠፈ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ደራሹ ዝናብ ወደ ላይ በተራራው ላይ ስለሚጥል ከተማው ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል፤ ገመድ ላይ ሚዛኗን ለመጠበቅ የምትታገል ሴት ደግሞ ሽቅብ አታይም።

ሐረማያ ላይ ልቤ ይከፈላል። ያ ሐይቅ እኛ የሐረር ሰዎች ውሃ የጠጣንበት፣ በኋላም ዐይናችን እያየ ደርቆ ከብት ሲሠማራበት ያየነውና ባለፉት ዓመታት ተመልሶ ውሃ የያዘ ነው። ዳር ቆሞ ለማየት ከርሱ የተሻለ የለም። ለገመድ ግን አይሆንም፤ ዳርቻው ገልጥልጥ ያለ ስለሆነ ትይዩ የሆኑ ሁለት ጠንካራ ዛፎች አታገኙም፣ ውሃው ስለሚደፈርስ ጥልቀቱና ከሥሩ ያለው አይታይም፣ ጭቃውም እግር ይይዛል። በተጨማሪም በምሥራቁ አገራችን በሐይቆችና ቀስ ብለው በሚፈሱ ወንዞች ዳር ቢልሃርዚያ ያለ በሽታ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ከትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በውሃ ውስጥ ባለ ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል። እግረ መንገዴን፣ ይህን ቀንድ አውጣ በተመለከተ ለዓለም መፍትሔ ያመላከተው የኛው ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። ሴቶች ውሃ ዳር ስለሚሠሩት ሥራ ሳስብ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

የሚቀረው የሆቴሉ መዋኛ ነው፤ በክሎሪን የታከመ፣ ሥሩ የሚታይ፣ ጥልቀቱ የሚታወቅ። ገመዱ የሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ባዶውን ከውሃው በላይ ከ80 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ ውሃው ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ልክ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን ይህ ነው፦ ማንም ከመዋኛው ጠርዝ ተነሥታ በገመዱ ላይ አትራመድ። ከዛፉ እስከ ውሃው ያለው ሁለትና ሦስት ሜትር ከሲሚንቶ በላይ ነው፤ ወደ ኋላ የወደቀች ሴት ጭንቅላት የሚያርፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ነው። በቪዲዮው ላይ ከዳር ተራምደው ሲገቡ ያየሻቸው ብዙ ዓመት የለመዱ ናቸው። እናንተ ዋኝታችሁ ወደ መሃሉ ሂዱ፤ በሁለት እጃችሁ ገመዱን ይዛችሁ ስትንጠለጠሉበት ይወርድላችኋል፤ ከዚያ በሆድ ተኝቶ አንድ እግር አሻግሮ እንደ በቅሎ መፈናጠጥ ነው። ሲወጡ አያምርም፤ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም እንደ እርጥብ ጆንያ ይንጠለጠላል። ግን ከወደቃችሁ የምትወድቁት ውሃ ላይ ብቻ ነው። ሲወድቁም ገመዱን ለመያዝ አለመሞከር ነው፤ ለቆ፣ እግርን አስቀድሞ ወይም በመቀመጫ መውደቅ፤ በጭንቅላት ግን በፍጹም።

ዋና የማይችሉት ሁለቱ ከጥልቅ ውሃ በላይ አይወጡም። ይህን በማለቴ እንደምታዝኑብኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚወጣው ለመተንፈስ እንኳ በማይበቃ ቅጽበት ስለሆነ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፤ አጠገቡ ያለ ሰው የሚጫወት ይመስለዋል። ወንድምሽን የምትጠይቁት ከመነዳሪ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የተነፋው ከመነዳሪ ከረጅም ገመድ ጋር ታስሮ ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ይቀመጥ፤ አንዷ ደግሞ፣ ዋና የምትችል፣ ከውሃው ውጭ ቆማ ዐይኗን ከገመዱ ላይ አትንቀል፤ ስልክ አትያዝ፣ ቪዲዮም አትቅረጽ። ገመዱ ላይ አንዲት ሴት ብቻ፣ ከሥሩ ማንም፣ ከዛፎቹም ጀርባ ማንም አይኑር።

ዋና የማይችሉቱ ግን ሥራ አልባ አይሆኑም። እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው የሚሸከመው የሰውነቱን ግማሽ ያህል ክብደት ነው፤ በአንድ እግር የመቆም አቋሞችን በዚያ ውስጥ መሥራት ጉልበትን ያሳርፋል፣ ሆኖም ውሃው ስለሚገፋፋ ሚዛንን አጥብቆ ያሠራል። ነፍሰ ጡሯም ቦታዋ እዚያው ነው። የ4 ወር ነፍሰ ጡር ገመድ ላይ አትወጣም፤ ከፍታው ዝቅተኛ ነው፣ ውሃም ነው የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ገመዱ ራሱ ሆድ ሊመታ ይችላልና። ሐኪሟ ከፈቀደላት ግን በውሃ ውስጥ የሚሠራው ዮጋ ለወገቧ ዕረፍት ይሰጣታል፤ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ፣ ረጅም ጊዜ ትንፋሽ ሳትይዝ፣ መሰላሉን ተደግፋ እየወጣች። የሚጥል በሽታ ያለባት ካለችም እንዲሁ ከገመዱ ትቅር።

ስለ ሚዛን ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና። ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ምስክሮች ነው፦ በውስጠኛው ጆሮ፣ በዐይን፣ እንዲሁም ከእግር መዳፍና ከመገጣጠሚያዎች በሚመጣ ስሜት። ገመድ ላይ ስትቆሚ የእግርሽ መዳፍ የሚያርፈው በሚወዛወዝ ነገር ላይ ስለሆነ ምስክርነቱ ይዛባል። ከውሃ በላይ ስትሆኚ ደግሞ ዐይንሽም ይታለላል፤ የሚያብረቀርቅና የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ የሚያተኩር ዐይን ለአእምሮ «መሬቱ እየሄደ ነው» ይለዋል። ደረቅ ቦታ ላይ ጎበዝ የነበረች ሴት ውሃ ላይ ስትወጣ እንደ አዲስ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ዐይንን ከውሃው አንሥቶ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ፣ ማለትም ገመዱ በታሰረበት ዛፍ ላይ፣ መትከል ነው። የዮጋ ሰዎች ድሪሽቲ የሚሉት ይህንኑ የዐይን ማሳረፊያ ነው፤ አንድ ዓመት የለመዳችሁት ነገር እዚህ ይጠቅማችኋል።

እግር እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ መንቀጥቀጡ የድካም ምልክት አይደለም። ገመዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጡንቻው በደመ ነፍስ ወደ ግራ ይመልሰዋል፣ ከልክ በላይ ይመልሰዋል፣ እንደገና ያርመዋል፤ ይህ ግብረ መልስ ከአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር የሚነሣ ስለሆነ በፈቃድሽ አታቆሚውም። በልምምድ ግን ነርቭ ራሱ ዝም ማለትን ይማራል። በየሁለት ቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ መሥራት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመታገል ይሻላል። ስለዚህ ከውሃው በፊት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ግቢያችሁ ውስጥ፣ ከአሸዋ ወይም ከፍራሽ በላይ፣ ጉልበት በማይደርስ ከፍታ ተለማመዱ።

ዮጋውን በተመለከተ ቪዲዮው ላይ ያያችሁትን አቋም ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምሩት። ዮጋ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ሥሩ መጥመድ ማለት ነው፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ ትንፋሽና አካል አብረው ይጠመዳሉ። ምንጣፍ ላይ ትንፋሽን ረስቶ አቋሙን በጉልበት መያዝ ይቻላል፤ ገመድ ላይ ግን ትንፋሹን የያዘ ሰው ወዲያው ይወድቃል፤ ደረቱ ሲደርቅ ትከሻው ይደርቃል፣ ትከሻው ሲደርቅ እጁ ማረም ያቆማል። የመጀመሪያው ሥራ መቀመጥ ብቻ ነው፦ አንድ እግር ከፊት ገመዱ ላይ ታጥፎ፣ ሌላው እንደ ሚዛን ድንጋይ ተንጠልጥሎ፣ እጆች ከትከሻ ከፍ ብለው፣ በአፍንጫ በረጅሙ እየተነፈሱ። አሥር ትንፋሽ ሳይወድቁ መቀመጥ ከቻላችሁ ወደ መንበርከክ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወደ መቆም፤ ጉልበት ለሰስ ብሎ፣ የእግር መዳፍ ከገመዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ። በአንድ እግር የሚቆመው የዛፍ አቋም ከወራት በኋላ ነው። በጀርባ መተኛትና ተዘቅዝቆ መቆም ግን ለእናንተ አይመለከትም፤ እነዚህ ከገመዱ ሲያመልጡ በአንገት የሚያወድቁ ናቸው። በኔ እምነት በዚህ ልምምድ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ያ ዝም ብሎ መቀመጡ ነው። ከሥር ውሃው ጸጥ ሲል የሴትዮዋ የተንጠለጠለ እግር ጥላ ሥሩ ባለው ንጣፍ ላይ ይታያል፤ ሲንቀጠቀጥና ቀስ በቀስ ሲረጋ ከዳር ሆኖ መቁጠር ይቻላል።

አለባበስን አልጠየቅሽም፤ ነገር ግን ሳይነሣ የማያልፍ ነገር ነው። ድሪያና ሰፊ ቀሚስ ለድሬ ሙቀት የተሠሩ ቢሆኑም እርጥብ ሲሆኑ እግር ላይ ተጠቅልለው መዋኘት ይከለክላሉ። ሰውነት የያዘ ረጅም ታይትና ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ ክብርንም ደኅንነትንም ይጠብቃል፤ ሂጃብ የምትለብሱም ጫፉ ልብሱ ውስጥ የሚገባውን የስፖርት ሂጃብ አድርጉ፤ ተንጠልጥሎ ገመድ ላይ የሚያዝ ሻርፕ አይሁን። ቀለበት፣ አልቦና የእጅ አምባር ቤት ይቅሩ። ጣት ላይ ያለ ቀለበት ገመዱ ላይ ሲያዝ የሚሆነውን ባለማየትሽ ዕድለኛ ነሽ። ሆቴሉን ስታነጋግሩ ሥራ አስኪያጁን የሴቶች ብቻ ሰዓት ጠይቁት። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ እንግዳ የማይበዛበት ስለሆነ ብዙም አይከብደውም፤ ለእናንተም ነፋሱ ሳይነሣ፣ ፀሐዩ ውሃው ላይ ሳያንጸባርቅ የምታገኙት ጊዜ ነው። ከቀትር በኋላ ግን ተዉት፤ በድሬ ከቀትር በኋላ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጫት የልብ ምትን ስለሚያፈጥንና እንቅልፍ ስለሚነሣ ከቃሙ በኋላም ሆነ በማግሥቱ ያለ እንቅልፍ ገመድ ላይ መውጣት አይገባም።

ሲጨርሱ ገመዱን እንደተወጠረ ትቶ መሄድ የለም፤ የእናንተን አይቶ የሚዘልበት ሕፃን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ማጥበቂያውን የሚፈታው ሰው ከጎን ይቁም እንጂ በገመዱ አቅጣጫ አይቁም፤ ብረቱ አንድ ጊዜ ከለቀቀ ውጥረቱ በሙሉ በአንድ ምት ይወጣል፤ የእጅ ጣት በእጀታው መሃል ከተገኘ አይተርፍም። ከፈታችሁ በኋላ ክሎሪኑን በንጹሕ ውሃ አጥቡና በጥላ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ በተለይ ናይሎን ከሆነ ፀሐይ ቀስ በቀስ ያደክመዋል፣ እርጥብ ሳለም ጥንካሬው ይቀንሳል። ስትጠቀልሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታችሁ መካከል አሳልፉት። የተበጣ ክር፣ የደረቀና የሻከረ ቦታ ወይም ቀለሙ የነጣ ክፍል ካገኛችሁ ያ ገመድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ማስጫ ነው።